ትንሹን ብንወስድ ኖሮ

ከጥቂት ወራት በፊት ቦሌ ውስጥ ወደ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ገብቼ፣ አፋቸው በጣት ሲጫኑት የሚዘጋ ትንንሽ ላስቲኮች እንዳሉ ጠየቅሁ። የላከችኝ እኅቴ ናት። ሰሚት በሚገኘው ቤቷ የየዕለቱን መድኃኒቷን ለየብቻ አድርጋ ማስቀመጥ ፈልጋ፣ ወደ ቦሌ መውረዴ ካልቀረ ይዤላት እንድመጣ ነግራኝ ነበር። ሻጯ ወጣት ናት፤ በትሕትናዋ ላይ የማወጣው እንከን የለኝም። ከመደርደሪያው የተለያየ መጠን ያላቸውን የላስቲክ እስሮች አውርዳ ባንኮኒው ላይ ደረደረችና ምን ልይዝባቸው እንዳሰብሁ ጠየቀችኝ። እንክብል መሆኑን ነገርኋት።

«እንግዲያው ትክክለኛውን መጠን እንምረጥልዎ፣ አባቴ» አለች።

ትንሹን እንድትሰጠኝ ነገርኋት። ያ በጣም ትንሽ እንደሆነ፣ ከአንድ ሁለት እንክብል በላይ እንደማይዝ በለሰለሰ ድምፅ አስረዳችኝ። ትንሹን ነው ያልሁት ብዬ ጮህሁባት። በር ላይ የቆመው ጥበቃ አንገቱን አስግጎ አየኝ። ልጅቱ እስሩን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ዓይኔን አላየችም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ተቀመጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለአንዲት ያላጠፋች ልጅ የወጣው ያ ሁሉ ቁጣ የማን እንደነበረ አውቃለሁ። አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር።

ማስታወሴን ብዙም አልተማመንበትም። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ታሪክ ነው፤ መምህራኖቻችንም ማንኛውንም ምስክር ከመቀበላችን በፊት ሰውየው የት ቆሞ እንዳየ እንድንጠይቅ አጥብቀው ያሳስቡን ነበር። ይህን ጥያቄ ሌሎች ሰዎችን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ከእኔ የሚያንሱ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ያለ ላስቲክ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም ይሉኛል። ሱቅ ውስጥ በእርግጥ አልነበረም። እኛ ቤት ግን ነበረ፤ ይህን አልጠራጠርም።

ቤታችን ከቦሌ መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ፣ ከትልልቆቹ ቪላዎች ጀርባ ነበር። ከእኛ ወዲያ ብዙ ቤት አልነበረም፤ ወደ ገርጂ የሚወስደው መንገድ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ ነበር፤ ግራ ቀኙ እርሻ ነው። አውሮፕላን ሲነሣ ወሬያችንን አቋርጠን እንጠብቃለን፤ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እንግዳ የሆነ ሰው ይገረማል፤ እኛ ግን ማቋረጣችንንም አናውቀውም ነበር። ግቢ የምንጋራው ጎረቤታችን አውሮፕላን ጥገና ውስጥ ይሠራ ነበር። ትንንሽ ብሎኖችና ሮንዴላዎች ከውጭ የሚገቡት በእነዚያ ላስቲኮች ታሽገው ስለሆነ፣ ባዶዎቹ ከሚጣሉ ብሎ ለእናቴ ያመጣላት ነበር። መርፌ፣ ቁልፍ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉንም በእነሱ ታስቀምጥ ጀመር።

ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። መጀመሪያ ያመጣ ዕለት ለእናቴ እየዘጋ እየከፈተ ሲያሳያት፣ «አዩ እትዬ፣ ይህችን ከንፈሯን ጫን ካደረጓት በኋላ ምንም ነገር አታወጣም። ለቀበሌ ስብሰባ የተሠራች ናት» አላት። አባቴ ድምፁን እንዲቀንስ በእጁ እያመለከተ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት የዚያ ላስቲክ ስሙ «ዝም በይ» ሆነ። እናቴ ከጓዳ ስትጣራ «አንድ ዝም በይ አቀብለኝ» ትላለች፤ ሰው ቤት ሄጄ እንዲህ ብል ማንም እንደማይገባው እስካድግ ድረስ አልጠረጠርሁም ነበር።

እኅቴ ታላቄ ናት። በልጅነቷ የሚጥል በሽታ ነበረባት። እናቴ የካ ተራራ ግርጌ ጸበል እያመላለሰች ካስጠመቀቻት፣ ቤትም ጠዋት ጠዋት ግንባሯን በእምነት በመስቀል ምልክት መቀባት ከጀመረች በኋላ መውደቋ ቀረ። አባቴ በሽታው የተዋት በሐኪም ቤት በታዘዘላት እንክብል እንደሆነ ያምን ነበር፤ እናቴ በዚያ አመድ በመሰለ ደቃቅ አፈር እንደሆነ ታምን ነበር። እኅቴን ማንም አልጠየቃትም። እንክብሉ ቀረ፤ እምነቱ ቀጠለ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ምልክቱን በመሐረቧ አብሳው ትሄዳለች፣ ማታ ስትመለስ እናቴ ግንባሯን አይታ በማግሥቱ እንደገና ትቀባታለች።

ኬሚስትሪ ለመማር ወደ አንዱ ሶሻሊስት አገር የምትሄድበት ነፃ የትምህርት ዕድል ሲደርሳት፣ ቀበሌው የነቃች ወጣት መሆኗን መስክሮላታል። የጤና ምርመራውንም አልፋለች፤ ስለ ልጅነቷ ማንም ስላልጠየቀና እኛም ስላልተናገርን። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የነበረው ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር። በማታውቀው አገር፣ ማንም በማያውቃት መንገድ ላይ ብትወድቅስ? ብትወድቅ ደብቃ ነው የመጣችው ተብላ መመለሷ ነው። እናቴ ይህን በሌሊት ተነሥታ እንደምታስበው ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ለእሷ መከላከያው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ለአምስት ዓመት የሚበቃ እምነት ይዛ መሄድ አለባት። የነቃች ተብሎ የተመሰከረላት ልጅ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አፈር ይዛ በቦሌ አየር ማረፊያ ብታልፍ ምን ሊከተል እንደሚችል ደግሞ አባቴ ያውቅ ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነውና።

ከመሄጃዋ በፊት በነበረው እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳሎኑን በር ዘግተን፣ እምነቱን በወረቀት እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን፣ ስለ መጠን ተከራከርን። ከጎረቤታችን የተገኙት ሦስት ዓይነት ነበሩ። ትንሿ የክብሪት ቀፎ ታህላለች፤ መካከለኛዋ የቀበሌ መታወቂያ፤ ትልቋ የደብዳቤ ፖስታ። አባቴ ትንሿን አለ። በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ተሰፍታ ትሄዳለች፤ ማንም አያያትም። እናቴ ትልቋን አነሣች።

«አምስት ዓመት የምትሄድ ልጅ ናት። በክብሪት ቀፎ ልስደዳት?»

«እኔ የማስበው ስለ አምስቱ ዓመት አይደለም» አለ አባቴ፤ «ስለ አንዲት የፈታሽ ጠረጴዛ ነው።»

እኔ መካከለኛዋ ሁለቱንም ወገን እንደምታስማማ ሐሳብ አቀረብሁ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ አየኝና፣ «ዝም በል አንተ መሃል ሰፋሪ» አለኝ። በዚያ ዘመን መሃል ሰፋሪ መባል ቀልድ አልነበረም፤ አባቴ ግን ቀልዱን ነበር፤ እናቴም፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀቷ መሃል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያ ሳቅ ከዚያ ቀን የቀረኝ ጥሩ ነገር ነው። እኅቴ ጥግ ላይ ልብሷን ታጥፍ ነበር። ስለ እሷ ግንባር ስንነጋገር እሷን አሁንም የጠየቃት የለም።

ጎረቤታችን ተጠርቶ መጣ። መጠን አልመርጥም፣ የቤተሰብ ነገር ነው አለ፤ ነገር ግን አዘጋጉን አሳየን። ደቃቅ ነገር በከንፈሯ መስመር ውስጥ ከገባ የተዘጋች ትመስላለች እንጂ አትዘጋም፤ ስለዚህ በወረቀት መውረጃ ሠርተን እንድንጨምር፣ ከዚያም መስመሩን በጨርቅ እንድንጠርገው ነገረን። አየሯንም ከታች ወደ ላይ በአውራ ጣት እየገፉ ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አውሮፕላኑ ከፍ ሲል ውስጧ የቀረው አየር ያብጥና አፏን ይከፍተዋል። እናቴ እንዲህ አደረገች። ከዚያ እኅቴ ራሷ እንድትለምደው ደጋግማ እንድትዘጋው አደረገቻት። ትልቋ ተመረጠች፤ ባዶዋን ትንሿን እናቴ መርፌዎቿን ከታበት ወደ መሳቢያዋ መለሰቻት።

አባቴ በመጠኑ ሲሸነፍ በቃሉ ሊያሸንፍ ሞከረ። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀምሷል። ትክክለኛው ቃል «እመት» እንደሆነ፣ አመድና ትቢያ ማለት እንደሆነ፣ «እምነት» ሕዝቡ ያመጣው አነጋገር እንደሆነ አስረዳን። ፈታሽ ከጠየቀ «እመት ነው» ይባላል፤ ፈታሹ ቃሉን ስለማያውቀው የቅመም ዓይነት ይመስለዋል፤ እኛም አልዋሸንም። በዚህ ብልሃቱ እጅግ ደስ ብሎት ነበር። እናቴንም እኅቴንም እንደ ተማሪ አስቆጥሯቸዋል። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲል፣ «እመት ነው» ይላሉ። አንዲት ፊደል ብቻ ናት የምትወድቀው።

የጉዞው ዕለት በሰይቼንቶ ታክሲ ተጣበን ሄድን። አባቴ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ከአየር ማረፊያው ደጅ ቀረ። ከውስጥ፣ መፈተሻው ጋ፣ የተከለከለ ዕቃ ተረክቦ የሚመለስ አንድ የቤተሰብ ሰው ብቻ ይገባል ተባለ፤ እናቴ ገባች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ከሸኚው ሕዝብ ጋር ቆምሁ። እኅቴ መጀመሪያ ከመጋረጃ ጀርባ ገባች፣ ቆይታም ወጣች፤ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ሻንጣዋ ተከፈተ። ትልቋ ላስቲክ ስትወጣ፣ ብርሃን ላይ ከፍ ስትል አየሁ። ከጠረጴዛው ጎን ባለ እግር የሲጋራ መተርኮሻ ቆሞ ነበር። አንድ ጥቁር እጅጌ ያለው እጅ የላስቲኳን አፍ ከፈተ፣ ዘቀዘቃትም፤ ያ ሁሉ እምነት በሲጋራ ቁራጭ ላይ ፈሰሰ። ትንሽ አቧራ ተነሣ። ያንን እጅ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠላሁት። እንደዚያ እጅ የጠላሁት ነገር በምድር ላይ የለም።

እናቴ ስትመለስ አላለቀሰችም። የተባለውን የነገረችን ታክሲ ውስጥ ነው። ፈታሹ ይህ ምንድን ነው ሲል፣ እሷ ቀድማ «እምነት ነው» አለችው። ሳቀ። አጠገቡ ያለውንም ጠርቶ አሳየው።

«እምነት ደግሞ በላስቲክ ተቋጥሮ ይወጣል እንዴ? የማን እምነት ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው አንቺው ጋ ይቅር።»

እናቴን አንቺ ብሏታል። ልጇን የሚያህል ሰው፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ አንቺ። ከዚያ ደፋው፤ እናቴ እንዲህ ነው የነገረችን። «እሱ ደፋው» አለች፤ ለጎረቤታችንም፣ ለዘመድ ሁሉም፣ ሁልጊዜ በዚያው ቃል፣ ምንም ሳትጨምር ምንም ሳትቀንስ።

እዚህ ላይ ቁጣዬ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ልተወው ብልም አይሆንልኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስለ ሰውየው የተናገረ የለም። የተነጋገርነው ስለ ላስቲኳ ነው። አባቴ ታክሲው ውስጥ ገና ወሬው ሳያልቅ፣ «ትንሹን ብዬ ነበር» አለ። እራት ላይ ደገመው። በሳምንቱ ደገመው። «እመት ብትይው ኖሮ» ብሎ ጨመረበት። እናቴ አንድ ቀን ቃሉ ጠፋኝ ትላለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ በእግዜር ነገር አልቀባጥርም ትላለች። አባቴ ውሸት እንዳልነበረ፣ ትክክለኛው ቃል እሱ እንደሆነ ሲያስረዳት፣ «ቃሉ ያንተ ነው፣ የኔ አይደለም» ብላ ተነሥታ ወጣች። ጎረቤታችን በአምጪነቱ ጸጸት ተሰምቶት ላስቲክ ማምጣቱን አቆመ። ዓመታት አለፉ፤ ሁለቱም አረጁ። ሩዝ ሲበዛ፣ ሻንጣ ሲጠብ፣ ማንኛውም ነገር ከመጠኑ ሲያልፍ አባቴ ያንኑ ቃል ይላል፤ «ትንሹን ብዬ ነበር»፤ በቀልድ መልክ፣ በፈገግታ። እናቴ መጨረሻ ላይ አመነችው። ብቻዋን ስትሆን መሳቢያዋን ከፍታ መርፌ የያዘችውን ትንሿን ላስቲክ በመዳፏ ይዛ፣ «ትንሹን ብወስድ ኖሮ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

አንድ ሰው ጠረጴዛ ጋ ቆሞ የአንዲትን እናት ተስፋ በሲጋራ ቁራጭ ላይ እንዲፈስ አደረገ፤ እኛም ስለ ላስቲክ ስፋት ተጣላን። እሱን መውቀስ ስለማይቻል እርስ በርሳችን ተወቃቀስን። ይህን ዛሬ ሳስበው ከመድፋቱ ይልቅ ይህኛው ያቃጥለኛል። ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ተኝቷል። ያን ዕለት የሆነውን ምናልባት በማግሥቱ አላስታወሰውም። እናቴ ግን በራሷ ምርጫ ልጇን ያጋለጠች መስሏት ሞተች።

ይህን ለሰው ሳወራ፣ በተለይ ለእኩዮቼ፣ «ዘመኑ ነው» ይሉኛል። ይህን አነጋገር መስማት አልችልም። ዘመን ጠረጴዛ ጋ አይቆምም፤ ዘመን የሸበተችን ሴት አንቺ አይልም። ያ ሰው ዕቃውን ተከልክሏል ብሎ ለእናቴ መመለስ ይችል ነበር፤ እሷም የገባችው ለዚያው ነበር። አልመለሰውም። እንዲህ ያደረገው ራሱ ፈልጎ ነው፤ ሊስቅበት።

እኅቴ ከእነዚያ ዓመታት የላከችው ሁሉ «ደህና ነኝ» የሚል ነበር። ጨርሳ ተመለሰች፣ ሥራ ያዘች፣ ልጆች ወለደች። ስትመለስ እናቴ አየር ማረፊያው በር ላይ አቅፋ፣ በጆሮዋ የጠየቀቻት አንድ ነገር ነው፤ ጥሏት እንደሆነ። አልጣለኝም አለቻት። እናቴም ለእግዜር ምስጋና አደረሰች፤ የራሷን ጥፋት ግን ለራሷ ይቅር አላለችም። የሚጥለው ግን ወደ ኋላ ላይ፣ ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ተመልሶ እንደመጣ እኅቴ ነግራኝ ነበር፤ ዛሬ የምትወስደው እንክብልም የእሱ ነው። እኔ እስከዚያች የሱቅ ዕለት ድረስ የማውቀው ይህን ያህል ነው።

ላስቲኮቹን ይዤ ሰሚት የደረስሁት በዚያው ዕለት ነው። እኅቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ መድኃኒቷን በሰሃን ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። እስሩን ፈትታ አንዷን አውጥታ ብርሃን ላይ ያዘቻት።

«ይህን ለማን ነው ያመጣኸው? ለጉንዳን?»

ሁለት እንክብል ብታስገባ አልዘጋ አላት። ጣቶቿ የላስቲኳን አፍ ለመክፈት አስቸገሯት። ሱቁ ስንት መጠን እያለው ይህን እንዴት መረጥህ ስትለኝ፣ ሳላስበው የአባቴን ድምፅ ይዤ፣ «ትንሹ ነው የሚሻለው፤ ትንሹን ብንወስድ ኖሮ ያልፍ ነበር» አልኋት።

እጇ ቆመ።

«አሁንም እዚያው ናችሁ?» አለች። ናችሁ አለች፤ ሙታኑን ጨምራ።

ምኑን እንደምትል ጠየቅኋት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ፈታሽ እንደነበረች ነገረችኝ። የእኅቴን ሹሩባ ፈትታ በጣቷ በርብራዋለች። የቀሚሷን ጠርዝ ዙሪያውን፣ ስፌቱን ሁሉ፣ እንደ መቁጠሪያ እየቆነጠረች ዳብሳዋለች። ጫማዋን አስወልቃ የውስጡን ገበር ገልጣለች።

«ትንሹን የት ልታደርጉት ነበር?» አለችኝ። «ንገረኛ። የት?»

ያ ሁሉ ዓመት የተከራከርንበት ሦስት መጠን፣ አንዱም የሚያልፍ አልነበረም። ለእናቴ ለምን እንዳልነገረቻት ስጠይቃት፣ እናቴ ስለ መጠን እንደምትጨነቅ እንዳላወቀች ነገረችኝ። የአባቴን አነጋገር ሰምታዋለች፤ የቤት ቀልድ ብቻ ነበር የመሰላት። መሳቢያውንና ትንሿን ላስቲክ ነገርኋት። ሁለቱን እንክብል ከላስቲኩ አውጥታ ወደ ሰሃኑ መለሰች። ከዚያ፣

«እሱ አይደለም የደፋው» አለች።

እኔ በዓይኔ እንዳየሁ ነገርኋት። እጁን አይቻለሁ።

«የት ቆመህ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎችን የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። ከመስታወቱ ወዲህ ነበርሁ። ከፊቴ የሸኚዎች ጭንቅላት፣ ከዚያ ወዲያ የእኅቴ ጀርባ። ፈታሹ ከእሷ ወዲያ ነበር። ፊቱን አላየሁትም፤ ስጠላው የኖርሁት ፊት የለውም ነበር፣ እጅ ብቻ። እጁ ደግሞ ጥቁር እጅጌ ነበረው። አባቴ ለብርዱ ብሎ ያሰፋላት ካፖርት ጥቁር ነበር።

«እምነቱን አልነካውም» አለች እኅቴ። «ላስቲኳን በጣቱ ወደኔ ገፋት። ጓዲት፣ የነቃሽ ነሽ ተብሎ ተመስክሮልሻል፤ እስቲ አንቺው ድፊው አለኝ። እማዬ እያየች። ደፋሁት።»

ከዚያ የቀረውን በዝግታ፣ እንክብሎቿን በሰሃኑ ላይ በጣቷ እየለየች ነገረችኝ። ባዶዋን ላስቲክ ዘግታ ካፖርቷ ኪስ አደረገቻት፤ ያን አልከለከላትም። እናቴ ከጠረጴዛው ከመራቋ በፊት ክንዷን ጨብጣ ጆሮዋ ላይ፣ «እሱ ነው የደፋው። ሰማሽ? እሱ ነው» አለቻት። ላስቲኳ ውስጥ ከግድግዳዋ የተጣበቀ ጥቂት ትቢያ ቀርቶ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጣቷን እያስነካች ግንባሯን ትነካበት ነበር፤ ቶሎ አለቀ። የመጀመሪያው ክረምት፣ በረዶ ሲጥል፣ የተማሪዎች መኖሪያ ደረጃ ላይ ወደቀች። አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ደበቀችላት። ከዚያም ወድቃለች፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ለእናቴ አልጻፈችም፤ ስትመለስም አልነገረቻትም።

«አመድ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ» አለችኝ፤ «የተማርሁት እሱን ነው። ግን በወደቅሁ ቁጥር፣ በገዛ እጄ ነው የደፋሁት እል ነበር። አሁንም እላለሁ።»

እናቴ ይህን ፈርታ ነበር ማለት ነው። ልጇ በገዛ እጇ ደፋሁት ብላ እንዳትሸከመው ለዓለም ሁሉ «እሱ ደፋው» አለች፤ የእኔንም ዓይን በቃሏ ቀይራ፣ ያላየሁትን አሳየችኝ። ለአባቴ እንኳ አልነገረችውም። ልጇ ድፊ መባሏን ብትነግረው ኖሮ ስለ መጠን የሚያወራበት አፍ አይኖረውም ነበር። ዝም ብላ ተወቀሰች።

ጠልቼው የኖርሁት እጅ የእኅቴ ነበር። ይህን ስጽፍ ከሰውየው የቀረኝ ምን እንደሆነ እፈልጋለሁ፤ ፊቱን አላየሁም፣ እጁ የእሱ አልነበረም፣ ድምፁን በእናቴና በእኅቴ አፍ ብቻ ነው የሰማሁት። ጥላቻዬ የሚያርፍበት ነገር ሲያጣ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር። አልቀነሰም። እሱ ቢደፋው ኖሮ አንድ ነውረኛ ሰው ነበር። በእሷ አስደፍቶ፣ ሰውየው ከጠረጴዛው ወዲያ ቀረ፤ ጥፋቱ ከእኛ ጋር ቤታችን ገባ፣ አንዱ በእናቴ መሳቢያ፣ አንዱ በእኅቴ ኪስ።

በማግሥቱ ወደ ቦሌ ተመልሼ ሄድሁ። ሻጯ ገና ከበሩ ስታየኝ ወደ ባንኮኒው ጫፍ ፈቀቅ አለች። መካከለኛውን እንድትሰጠኝ በሚሰማ ግን በረጋ ድምፅ ጠየቅኋት፤ ምን ልይዝበት እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ሰሚት ሳደርስላት እኅቴ አንዷን ከፈተች፤ የጠዋቱን፣ የቀኑን፣ የማታውን እንክብል አስገባች። ከዚያ ከታች ወደ ላይ በአውራ ጣቷ እየገፋች አየሩን አስወጥታ፣ የከንፈሩን መስመር በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ጫን አድርጋ ዘጋችው። እንክብል መስመር ውስጥ አይገባም፤ መሳቢያም እንደ አውሮፕላን ከፍ አይልም። አየሩን ለምን እንደምታስወጣው ጠየቅኋት።

እጇን ገልብጣ አየችው።

«እኔ እንጃ» አለች። «እጄ ነው የሚያደርገው።»